የቁጫጭ ግራር

እናቴን ለቀብር ሲያወጧት ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ጥላ አልነበረም። ጥላውን ያጠፋው አባቴ ነው። ያጠፋውም እሷን አድናለሁ ብሎ ነው። ሌላ ሰው ቢጽፈው ይህን ለመጨረሻ ያቆየው ነበር፤ እኔ መጠበቅ አልወድም።

ሰፈራችን ከዓለም ከተማ በታች ነው፤ ገደሉን ወርዶ ወደ ጀማ ወንዝ ሲጠጋ። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። በሕይወቱ ዳገቱን ሲረግም የኖረ ሰው፣ ሞቶም አንድ ጊዜ ይወጣዋል፤ በሰው ትከሻ። በደንቡ ሬሳ ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ጊዜ ያርፋል፤ ባረፈበት ሁሉ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ። ማረፊያዎቹን ማን እንደመረጣቸው የሚያውቅ የለም፤ ቦታዎቹን ላየ ግን የመረጣቸው የተሸካሚ ትከሻ ነው። ሦስተኛው ዳገቱ ከመክረሩ በፊት ነው፤ የኛ ማሳ ጫፍ ላይ፣ ግራሯ ሥር።

ግራር በኛ ቆላ ሞልቷል። ይቺ ግን ለብቻዋ ነበረች። እሾኋ ሥሩ ላይ እንደ ቀይ ሽንኩርት ያበጠ ነው፤ እብጠቱ ውስጡ ባዶ፣ ጎኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ በር ያለው። በዚያ በር የሚገባውና የሚወጣው ጥቁር ቁጫጭ ነው። ነፋስ ሲነሳ በቀዳዳዎቹ እየገባ ዛፏን ያስፏጫታል። ቅርንጫፏን የነካ ወዮለት፤ ቁጫጮቹ ቂጣቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ግልብጥ ብለው ይወጣሉ። የነከሱት ቦታ እሳት የነካው ይመስላል።

በበጋ ሣሩ ሲያልቅ ያገሩ ሰው ግራር እየመለመለ ለፍየሎቹ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት የሰፈሩ ግራር ሁሉ ወንበዴ የላጨው ራስ ነው የሚመስለው። ይቺን ግን የሚደፍር አልነበረም። መጥረቢያ ይዞ የወጣባት አንገቱን እያከከ ይወርዳል። ፍየልም አንዴ አፍንጫዋን ከተነከሰች ሁለተኛ አታያትም። እናም ከወንዙ እስከ ገደሉ ጥላ የሚባል ነገር ያላት እሷ ብቻ ነበረች። ጥላዋ ሥር መቀመጥ ይቻላል፤ ግንዷን መደገፍ ግን አይቻልም። ሕፃን ሳይቀር ይህን ያውቃል።

እናቴ አታውቅም ነበር። እናቴ የደጋ ሰው ናት፤ ከመንዝ፣ ከቀየት ወዲያ። ገብስና በግ ብቻ እያየች አድጋ፣ ለአባቴ ተድራ በበቅሎ ወደ ቆላ ስትወርድ አጃቢዎቹ ግራሯ ሥር አረፉ። ሙሽራ ናት፤ ፊቷ ተሸፍኗል፤ መናገር ነውር ነው። ደክሟታል። ግንዱን ተደገፈች። ቁጫጮቹ በአንገቷ ገብተው ብብቷ ድረስ ወረዱ። እሷ ጭጭ። እንባዋ ብቻ በሽፋኑ ሥር ይወርዳል። ሚዜዎቹ የአገሯ ናፍቆት መስሏቸው "አይዞሽ ሙሽራዬ፣ ትለምጂዋለሽ" እያሉ አባበሏት። አባቴም በኩራት ቆሞ ያያታል።

ይህን ታሪክ ሺ ጊዜ ነግራናለች። ሁልጊዜም የምትጨርሰው እንዲህ ብላ ነው፦ "ከዚያ ወዲህ አባታችሁ አንድም ቀን ለምን እንደማለቅስ አውቆ አያውቅም።" አባቴ ሲሰማ ይስቃል። እሷም ትስቃለች። እኔ ግን ቀልዱ ውስጥ ቀልድ ያልሆነ ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ስገባ እናቴ ሳል ጀመራት። ከዚያ በፊት ስታስል አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ ስታስል ከርማለች። ግን ብርድ ነው፣ አቧራ ነው፣ የወባ ቅሪት ነው ሲባል ቆይቶ፣ መስከረም ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታነሳው ደም አየሁበት። እኔ ያኔ ዓለም ከተማ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ማንንም ሳላስፈቅድ ይዣት ወጣሁ። ጤና ጣቢያ አክታዋን መርምረው የሳንባ ነቀርሳ ነው አሉ። ይድናል አሉ። ኪኒኑ በነጻ ነው፤ ችግሩ በየቀኑ መጥታ ሐኪሙ ፊት መዋጥ አለባት፤ ማቋረጥ ደግሞ ፈጽሞ የለም። ሐኪሙ ይህን ሲናገር እሷን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

"ካቋረጠች በሽታው ኪኒኑን ይለምደዋል" አለኝ። "ከዚያ ወዲያ ብትጮኺብኝ የምሰጥሽ የለኝም።"

እኔ ጋ አደረች። ኪኒኑ ሽንቷን ቀይ አደረገው፤ መጀመሪያ ቀን ደም መስሏት ለሞት ተዘጋጀች። እሱን አስረዳኋት። ማስታወኩን ግን ማስረዳት አልቻልኩም። ትውጣለች፤ ከጤና ጣቢያው በር ሳንርቅ አጥር ተደግፋ ትመልሰዋለች። ምግብ ቅመሺበት ይሏታል፤ ምግብ ደግሞ ሽታው ይመልሳታል። ቢሆንም ትንሽ ትንሽ እየተቀመጠላት መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ ያየሁት፤ ሳሉ ለዘብ ብሎ ነበር።

በገበያ ቀን አባቴ ሊጠይቃት መጣ። ፍራሻችን ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዱላውን ጉልበቱ መሃል አደረገ። ከዚያ ምን ብትቀምስበት እንደሚቀመጥላት ጠየቃት። እሷም ሰው ሲጠይቅ መልስ መስጠት ስላለባት ይመስለኛል፣ "ማር ቢሆን" አለችው።

ያ ቃል ጨረሰን። አባቴ ተነስቶ ወጣና ከገበያ ማር ይዞ ተመለሰ። እናቴ በጣቷ ቀምሳ "ይሄማ ስኳር ነው" አለች። ማር ሻጮቹን እዚያው ቆሞ ረገማቸው፤ ከዚያ ግን ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ። ሥራ አገኘ። አባቴ የታመመ ሰው አጠገብ ባዶ እጁን መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። እኔም ይህን የወሰድኩት ከሱ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አልፈርድበትም። ትንሽ ግን እፈርድበታለሁ።

ጥቅምት ላይ በቅሎ ይዞ መጣ።

"ወደ ቤቷ ትውረድ" አለ። "እዚህ ከተማ አየሩ አልተስማማትም።"

"ኪኒኑስ?"

"ከማሩ ጋር ትጀምረዋለች።"

"ማሩ የታለ አባዬ?"

"ይመጣል።"

"በሽታው ማሩ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?"

"አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ምላስ ነው የሚሞርዱላችሁ?"

እናቴን አየኋት። እንድትረዳኝ ነበር። እሷ ግን ባናዋን፣ ከመንዝ ይዛው የመጣችውን ጥቁር የበግ ጠጉር ባና፣ ትከሻዋ ላይ እየሰበሰበች "ተዪው ሆዴ፣ ቤቴ ልተኛ" አለች። በቅሎዋ ላይ ስትወጣ ልብሷ ብቻ የወጣ ነበር የመሰለኝ።

ቀፎውን አባቴ ራሱ ሠራው። በእበት ለቀለቀው፤ ውስጡን በወይራ ጭስ አጠነው። የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ግን ምርጫ አልነበረውም። ሌሎቹ ግራሮች ተመልምለው አልቀዋል፤ አበባ የሚያወጣ ቅርንጫፍ ያላት፣ ጥላ ያላት፣ ከፍ ያለችው ያቺው ናት። ቁጫጭ ደግሞ ቀፎ ውስጥ ከገባ ንብ አይቀመጥም፤ ይህን ቀፎ የሰቀለ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ግንዷ ዙሪያ አመድ ነሰነሰ፤ አገሩ የሚያደርገው ነው። አመድ ግን ከመሬት የሚወጣን ቁጫጭ ነው የሚከለክለው። እነዚህ ከመሬት አይደለም የሚወጡት፤ ቤታቸው እሾኋ ውስጥ ነው።

ወባ ረጪዎች በዚያ ሰሞን ሰፈሩን ጨርሰው ሲሄዱ የተረፋቸውን ዲዲቲ በጣሳ ሰጡት። ለትኋን ነው ብሎ ነው የተቀበላቸው። ማዳበሪያ ከረጢት ራሱ ላይ አጥልቆ ወጣና ከታች እስከ ላይ ረጫት።

ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ ስወርድ ነው የደረስኩት። ግራሯ ሥር ኑግ የተደፋ ነበር የመሰለኝ። ጎንበስ ስል ቁጫጭ ነው፤ የሞተ ቁጫጭ፣ እግሩን አጣጥፎ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ግንዷን ነካሁት። ምንም አልመጣም። ዛፏ እንደ ድሮዋ ታፏጫለች፤ በሮቹ ክፍት ናቸዋ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ።

ጎረቤቶች ደግሞ አመሰገኑት። አንዱ ሽማግሌ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሬሳ ሲሸከሙ የኖሩ፣ ግንዷን ተደግፈው ተቀመጡና "እንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ፣ ይችን ተደገፍኳት" አሉ። ሁሉም ሳቀ።

እናቴ ደጅ ላይ በባናዋ ተጠቅልላ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። አባቴ ዲዲቲ ዲዲቲ እየሸተተ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ሁሉንም ፈጀሃቸው?" አለችው።

"የሠርግሽን ቂም ተወጣሁልሽ።"

"ሃያ ዓመት ቆይተህ?"

"ያኔ መች ነገርሽኝ። ዝም ብለሽ ታለቅሻለሽ እንጂ።"

ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪያልፍ ድረስ ጀርባዋን ይዞላት ቆየ። በትዳራቸው እንዲያ ሲነካካት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቀፎው ተሰቀለ። አባቴ ጠዋትም ማታም ሄዶ ያዳምጣል። አንዳንድ ንብ መጣ፤ ቀፎውን ዞረ፤ ገባ፤ ወጣ። አባቴ ሰላዮቹ ናቸው፣ ሕዝቡ ይከተላል አለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰላዮቹን ከግራሯ ሥር አገኘኋቸው፤ በጀርባቸው ተገልብጠው ክንፋቸውን እያርገፈገፉ ይሽከረከራሉ። አንዷን መዳፌ ላይ አድርጌ ወስጄ አሳየሁት። መድኃኒቱ ነው አልኩት። የረጨሁት ለቁጫጭ ነው፣ ንብን ምን አደረገና ብሎ መለሰልኝ። ከልቡ ነው። ለሱ መድኃኒት እንደ ጥይት ነው፤ ያነጣጠርክበትን ነው የሚመታው።

ኪኒኑን ግን ጠየቅኩ። በየሳምንቱ ጠየቅኩ። ማሩ ሲደርስ፣ አለኝ። እናቴን ለብቻዋ አግኝቼ ተለማመጥኳት፤ በእግርሽ መውጣት ካቃተሽ በበቅሎ፣ በበቅሎ ካቃተሽ በሰው፣ አልኳት። "አባትሽ ለኔ ብሎ እንዲህ ሲለፋ አይቼው አላውቅም" አለችኝ። "ልቡን አልስበረው።" ያኔ ነው ሙሽራዋ የታየችኝ። ቁጫጩ ብብቷ ውስጥ ገብቷል፤ እሷ ጭጭ።

ኅዳር ሲያልቅ ግራሯን ፍየሎቹ ደረሱባት። መጀመሪያ የጎረቤት እናት ፍየል ናት፤ በኋላ እግሯ ቆማ አንድ ቅርንጫፍ ጎተተች፤ ጠበቀች፤ ምንም አልነከሳትም። ፍየል ወሬ ያወራ ይመስል በማግስቱ መንጋው ሁሉ ሥሯ ነበር። ከፍየሎቹ ኋላ ባለ መጥረቢያዎቹ መጡ። አባቴ ለመናቸው፤ የሬሳ ማረፊያ እኮ ናት፣ ቀፎዬ አለባት አላቸው። እያንዳንዱ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው የምወስደው አለ። እውነታቸውን ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ብቻ ነው የወሰደው።

በዚያው ሰሞን ነው ትምህርት ቤት በፕላዝማ የሕይወት ሳይንስ ስንማር ግራሯን የመሰለች ያየሁት። የት አገር እንደሆነ አልያዝኩም፤ የፕላዝማው አስተማሪ እንግሊዝኛውን የሚያሳድደው ያለ ይመስል ነው የሚናገረው። ግን ያበጠው እሾህ ተንቀሳቀሰ፣ ከቀዳዳው ቁጫጭ ወጣ፣ ቂጡን ቀሰረ። ከወንበሬ ተነሳሁ። የኛ ናት፣ የኛ ናት ስል ክፍሉ ሳቀብኝ። ከሰማሁት የገባኝ ይህን ያህል ነው፦ ዛፏ ቤትና ምግብ ትሰጣቸዋለች፤ ከቅጠሏ ጣፋጭ ነገር ታመነጭላቸዋለች። እነሱ ደግሞ ይጠብቋታል። እነሱ ከጠፉ፣ አለ ሰውየው፣ እነሱ ከጠፉ... ከዚያ መብራት ጠፋ። ሌላ ጊዜ መብራት ሲጠፋ እናጨበጭብ ነበር።

ቅዳሜ ለአባቴ ነገርኩት። ማሳው ዳር ቆሞ ሰማኝ። ግራሯን ቀና ብሎ አያት፤ ግማሽ ጎኗ ባዶ ነው። ግንዷ ላይ የምስማር ቀዳዳ የሚያካክል ነገር ተበስቶ፣ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ሥሯ ላይ ተከምሯል። ቁጫጮቹ እያሉ ይህን የሚበሳ ትል እሷ ላይ አይደርስም ነበር።

"ቴሌቪዥኑ እናትሽንስ ምን ያድናታል አለ?" አለኝ።

"እሱ ላይ ሳይደርስ መብራት ጠፋ።"

አልተቆጣም። ዞር ብሎ ግንዷን በጥፍሩ ላጥ አደረገው፤ ልጣጩ ያለ ትግል መጣለት። ከዚያ ጥፍሩን አየ።

ጥር ላይ ደም ደጋግሞ ሲመጣ፣ አባቴ ማርም ቀፎም ሳይል ሰው ጠራና ቃሬዛ ሠሩ። በሕይወቷ እያለች በቃሬዛ ወጣች ማለት ነው። እኔ ከፊት ፊት እሄዳለሁ፤ ሲሰለቹ እሰድባቸዋለሁ፤ ስድብ እንደ ዘፈን ነው፣ ዳገት ያስወጣል። ግራሯ ጋ ሲደርሱ ትከሻቸው የለመደው ነውና ሊያሳርፏት ጎንበስ አሉ። እናቴ ከባናው ውስጥ ድምፅዋን አሰማች።

"እዚህ አታሳርፉኝ። ገና አልሞትኩም።"

ሰዎቹ ደንግጠው ቀና አሉ፤ ሳቅ የቀደማቸውም ነበሩ። እሷ ግን ወደ ላይ እያየች ነበር፤ ሰማዩ በባዶ ቅርንጫፎቹ መሃል ይታያል፤ ቀፎው እንደተሰቀለ ነው።

"ምን ሆነች?" አለች። አባቴ ቃሬዛውን የተሸከመው ከራስጌዋ በኩል ስለነበረ ፊቱን አላየችውም። እኔ አየሁት።

ጤና ጣቢያው እንደገና ጀመረላት፤ አሁን ኪኒኑ ላይ መርፌ ተጨምሮበት። ያው ሐኪም ነው። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መርፌው የምትወጋበት ሥጋ አልነበራትም። የካቲትን እንደምንም ጨረሰች። ከዚያ ቤቴ ውሰዱኝ አለች፤ የዚህኛው ቤቴ ትርጉም ለሁላችንም ግልጽ ነበር። መጋቢት ውስጥ፣ በሁዳዴ፣ ፀሐይ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት ወቅት አረፈች። ማር አልቀመሰችም።

ስትወጣ አንደኛውና ሁለተኛው ማረፊያ አለፉ። ሦስተኛው ላይ ካህናቱ በልማድ ቆሙ፤ ተሸካሚዎቹም በልማድ ጎንበስ አሉ። አሁን የምትናገር የለችም። አስቀመጧት። ግራሯ ሙሉ በሙሉ ደርቃለች፤ ጥላዋ መሬት ላይ የተጣለ መረብ ነው የሚመስለው። ሕዝቡ ነጠላውን ራሱ ላይ አድርጎ ይቁነጠነጣል። ታላቁ ቄስ ግንባራቸውን እየጠረጉ ለዲያቆኑ ፀሐዩ ከሯልና አሳጥረው አሉት።

አባቴ ከሰው መሃል ወጣ። በላይዋ የተደረበውን ባና አነሳና በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ዘረጋው፤ ጥላው ሬሳዋ ላይ አረፈ።

"አባ፣ አያሳጥሩባት" አላቸው። "እኔ አጠላለሁ።"

ቄሱ አዩት። ከዚያ መጽሐፉን ተቀብለው ራሳቸው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ረጅም ነው። ባናው ዝቅ ባለ ቁጥር አባቴ መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ ሊረዳው የሄደ ሰው ነበር፣ በክርኑ ገፋው።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። እኔ አሥረኛን ጨርሼ ወደ ላይ አልዘለልኩም፤ ዓለም ከተማ ነው የምኖረው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ግን እስካሁን አልሆነልኝም። ግራሯን ለከሰል ቆረጧት። ማረፊያው ግን ያው ነው፤ ሰው ሲሞት ቃሬዛውን ከጉቶው አጠገብ ያስቀምጡታል። አባቴም የማን ሬሳ እንደሆነ ሳይጠይቅ ባናውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይመጣል። አስቀድሞ ደርሶ ይቆማል። ሲያርፉ ይዘረጋዋል። መጀመሪያ ሰሞን አብዷል ያሉ ነበሩ፤ አሁን ባይመጣ የሚጠይቁት ይመስለኛል።

ባለፈው እኒያ ግንዷን ተደግፈው ያሳቁን ሽማግሌ አረፉ። እኔም ለቀብር ወረድኩ። ጉቶው ጋ ስንደርስ አባቴ ባናውን ዘረጋ፤ እሱም አርጅቷል፤ አንዱ ጫፍ እየወደቀ ሬሳው ፊት ላይ ይመጣል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሌላ ቦታ አይ ነበር።

"ምን ትገተሪያለሽ" አለኝ። "ያዢ እንጂ።"

ሄጄ ጫፉን ያዝኩ። የመንዝ ባና ይከብዳል።